በሐይቁ መስኮት በኩል የነበረው ነዶ

ዕቃችሁን በሚገባ አስተካክላችሁ ካስቀመጣችሁ በኋላ፣ በማስተካከላችሁ ብቻ ጠፍቶባችሁ ያውቃል? ተዝረክርኮ ሳለ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ታገኙት የነበረውን ነገር፣ ቦታ ቦታውን ካስያዛችሁት በኋላ ቤቱን ስትዞሩ ውላችሁ ታውቃላችሁ?

እኔ በዚህ ዓይነት የጠፋብኝ ቁልፍ ወይም መቀስ አይደለም። አንድ ልጅ ነው። ልጁም እኔ ከመወለዴ በፊት የሞተ ነው።

ነገሩን ከሥሩ ልጀምር። መምህር ስለሆንሁ ከመሃል መጀመር አልችልበትም።

ባሕር ዳር ውስጥ፣ ከሐይቁ ብዙም በማይርቅ አንድ የቆየ ትምህርት ቤት ታሪክ አስተምራለሁ። ሥራ በጀመርሁ በሁለተኛው ክረምት ርእሰ መምህሩ ቢሯቸው ጠሩኝና «አንቺ ሥርዓት ትወጃለሽ» አሉኝ። የጠመኔ ሳጥኔን በቀለም ለይቼ ስደረድር አይተውኝ ኖሯል። «እስቲ መዝገብ ቤቱን አስተካክይልን። የድሮው ሠራተኛ ጡረታ ከወጡ ወዲህ ደፍሮ የገባበት ሰው የለም።»

መዝገብ ቤት ምን እንደሆነ ለማያውቅ ላስረዳ። አንድ ልጅ ትምህርት ቤት ሲገባ አንድ ካርድ ይሞላለታል። ስሙ፣ የአባቱ ስም፣ የተወለደበት ቦታ፣ ያስመዘገበው ሰው፣ በየዓመቱ ያመጣው ውጤት፣ ትምህርቱን የተወበት ምክንያት፤ ከላይ በኩል ደግሞ ጉርድ ፎቶግራፍ ይለጠፍበታል። ልጁ ያድጋል፣ ይሄዳል፣ ያገባል፣ ያረጃል። ካርዱ እዚያው ይቀራል። የአንድ ከተማ ታሪክ በትልልቅ መጻሕፍት ብቻ የተጻፈ ይመስለን ይሆናል፤ እኔም ይመስለኝ ነበር። አብዛኛው ግን ማንም ባልከፈተው ክፍል ውስጥ፣ አንድ ገጽ በአንድ ገጽ ላይ ተደራርቦ የተኛ ነው።

ክፍሉ ረዥምና ጠባብ ነው። አንዱ መስኮት ወደ ሜዳው፣ ሌላው ወደ ሐይቁ ያያል። በሐይቁ መስኮት በኩል ከዋርካው ቅርንጫፎች መሃል የመሐረብ ስፋት ያላት ውኃ ትታያለች። ፀሐይ ስትወጣ ያቺ ቁራጭ ውኃ ብርሃኗን ወደ ጣሪያው ትወረውራለች፤ ጣሪያው ይወዛወዛል። መጀመሪያ በሩን የከፈትሁ ቀን ክፍሉ በሙሉ ቀስ ብሎ የሚቀዝፍ መስሎኝ የበሩን መቃን ይዤ ቆሜ ነበር። ከዚያ በኋላም ቢሆን ወደዚያ ክፍል ስገባ ድምፄ በራሱ ዝቅ ይላል፤ የተኛ ሰው ያለ ይመስለኛል።

ካርዶቹ በየመደርደሪያው ላይ ታስረው ተቀምጠዋል። ግማሹ በሲባጎ ታስሯል፣ ግማሹ በጨርቅ ቁራጭ፣ ሌላው ደግሞ ታንኳ በሚሠራበት በደረቀ ደንገል። በአንዱም ላይ ጽሑፍ የለም። አንዱን ፈትቼ አየሁ። የዚህ ዓመት ልጅ ከዚያ ዓመት ልጅ፣ በ«መ» የሚጀምረው በ«አ» ከሚጀምረው ጋር ተደባልቋል። «ወይ ጉድ» አልሁ፤ እጅጌዬን ሰብስቤ ሥራ ጀመርሁ።

ክረምቱን በሙሉ እየፈታሁ በፊደል ተራ ደረደርሁ። አዳዲስ ሳጥን ገዝተውልኝ በላያቸው ላይ በጥሩ እጅ ጽሑፍ ፊደል ፊደላቸውን ጻፍሁ። ውጭ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ፣ ውስጥ እኔ ፊቶች እየገለበጥሁ እውላለሁ። ፀጉራቸው የተላጨ፣ ዓይናቸው የፈጠጠ፣ አንገታቸው ድረስ ቁልፍ የተቆለፉ ልጆች። ከሰዓት በኋላ አንዳንዴ ያንጎላጀኛል። ያን ጊዜ ልጆቹ ሁሉ ከካርዳቸው ወርደው በፊደል ተራ ሲሰለፉ፣ አንዱ ግን ቦታው ጠፍቶበት በሰልፉ ዳር ሲመላለስ አያለሁ። ስነቃ ሳቅ ሳቅ ይለኛል። ማሰሪያዎቹን በአንድ ማዳበሪያ ከረጢት አጭቄ ከቆሻሻው ጋር አስወጣሁ። ርእሰ መምህሩ መጥተው ከ«ሀ» እስከ «ፐ» ሲያዩ ጨብጠውኝ ሄዱ። እኔም ያን ሳምንት በመንገድ ላይ ብቻዬን ፈገግ እያልሁ እሄድ ነበር።

መስከረም ላይ፣ በምዝገባው ሳምንት፣ አንዲት ሴት ወደ መዝገብ ቤቱ መጣች። ዕድሜዋ ከእናቴ ብዙ አያንስም። ጥቁር ሻሿን እስከ ትከሻዋ ድረስ ለብሳለች፤ እግሯ ላይ የሐይቅ ዳር ጭቃ ደርቋል። ልጅ ልታስመዘግብ የመጣች መስሎኝ «ምዝገባው በዚያ በኩል ነው፤ እርስዎ ይለፉ» አልኋት።

«እርስዎ አትበይኝ፣ ያስረጀኛል። ተመዝግቦ ያለቀ ነው የምፈልግ» አለች።

ቁጭ ብላ ነገረችኝ። ቤተሰቧ ከከተማው ማዶ፣ በሐይቁ ዳር ታንኳ እየሠሩና ዓሣ እያጠመዱ የሚኖሩ ሙስሊሞች ናቸው። ታላቅ ወንድሟ ለትምህርት ተብሎ በልጅነቱ በታንኳ ወደ ባሕር ዳር መጥቶ፣ አባቷ ዓሣ ከሚሸጡለት አንድ ሰው ቤት አድሮ፣ እዚሁ ትምህርት ቤት ስምንተኛን ጨርሷል። ከዚያ የጭነት መኪና ረዳት ሆኖ ሄደ። መኪናው ሩቅ አገር ተገልብጦ እሱ ሞተ፤ የተቀበረውም እዚያው ነው። ቤታቸው ውስጥ አንድም ፎቶግራፍ የለውም።

«እናቴ ዓይኗ እየሄደ ነው። ባለፈው ዓመት እኔን ከበር ትለየኝ ነበር። አሁን ድምፄን ሰምታ ነው። ሐኪሙም ከእንግዲህ አይመለስም ብሏል» አለች። «እኔ የትምህርት ማስረጃ አልፈልግም መምህር። ፊቱን ነው የምፈልግ። ሳይመሽባት አንዴ ትየው።»

ደስ አለኝ፤ አልዋሽም። ሥራዬ ሊታይ ነው ብዬ ተነሣሁ። «ስሙን ንገሪኝ፤ አሁን አወጣዋለሁ።»

«እሱ ነው ችግሩ። በስሙ አልተማረም።»

ለካስ ያሳደረው ሰው በዚያ ዓመት የራሱን ልጅ አስመዝግቦ፣ ልጁ ግን ታሞ ቀርቶበት ኖሯል። ቦታው ከሚባክን ብሎ የሐይቁን ልጅ በዚያ ስም አስገባው። በዚያ ዘመን ይህ የተለመደ ነበር፤ ሰው ቤት አድሮ የሚማር ልጅ የአሳዳሪውን ስም ይዞ ይማር ነበር፣ አንዳንዱም ከነአባቱ የሌላ ልጅ ስም ይሰጠው ነበር። ያ ቤተሰብ ከተማውን ከለቀቀ ቆይቷል። እሷ ወንድሟ ሲሄድ ሕፃን ነበረች።

«እናትሽስ ስሙን አያስታውሱም?»

«ጠይቄአት ነበር። ‹የልጄ ስም ስላልሆነ በልቤ አላስቀመጥሁትም› አለችኝ።»

ሳጥኖቼን አየኋቸው። ከ«ሀ» እስከ «ፐ» ተሰልፈው አፋቸውን ዘግተዋል። ስም ላለው ሰው ሁሉ መልስ አላቸው። ስሙ ላልታወቀ ግን አንዳቸውም ምንም አይሉም። «ሁሉንም አንድ በአንድ ለእናትሽ ብናሳይስ?» አልሁ። ካርዱ ግን ከግቢ አይወጣም፤ ቢወጣም ያን ያህል ሺህ ፊት የሚያይ ዓይን እናቲቱ የላቸውም።

በማግስቱ የድሮውን የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ፍለጋ ወደ ሹም አቦ ሰፈር ሄድሁ። የቤተ ክህነት ትምህርት የዘለቁ መሪጌታ ናቸው። ከጓሯቸው ማንጎ ሥር ተቀምጠው ገጹ የተበጠሰ ዳዊት በመርፌና በጅማት ይሰፋሉ። ነገሩን እስክጨርስ ቀና አላሉም።

«ታዲያ ከሐይቅ የመጡት ነዶ ውስጥ ነዋ» አሉ። ነዶ የሚሉት የታሰረውን ካርድ ነው፤ እንደ ጤፍ።

«ነዶዎቹን ፈትቻቸዋለሁ፣ መሪጌታ።»

መርፌው ቆመ።

«ሁሉንም?»

«ሁሉንም። በፊደል ተራ አደረግኋቸው።»

«እሰይ! እንግዲያማ ተማሪው ሁሉ ፊደል ቆጥሯል ማለት ነው» አሉ። «ማሰሪያዎቹስ?»

«ጣልኋቸው።»

«ደንገሉንም?»

«ደንገሉንም።»

«ምነው እኔንም አብረሽ በጣልሽኝ!» ባለቤታቸው ከቤት ውስጥ ሲስቁ ተሰማ። «አንቺ ልጅ፣ መፍታት ብቻ ነው እንዴ ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምሩት?»

ፊቴ እንደ በርበሬ ቀላ። እሳቸው ግን ቂም የሚይዙ ሰው አልነበሩም፤ ዳዊቱን በጨርቅ ሸፍነው አስቀመጡና እንደ ተማሪ ቤት አስረዱኝ። የከተማውን ልጆች በሲባጎ፣ ከጢስ ዓባይ በኩል በእግር የሚመጡትን በጨርቅ፣ ከደቅ ደሴትና ከሐይቁ ዳር በታንኳ የሚመጡትን በደንገል ያስሩ ነበር። በውስጡም በመጡበት ዓመት ተራ ይደረድሯቸዋል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ልጅ ቤት በለወጠ ቁጥር ስም ይለውጣል፣ የመጣበት ዳር ግን አይለወጥም። የሐይቁን ነዶ ያስቀመጡትም በሐይቁ መስኮት በኩል ነው። «አገራቸውን እያዩ ይደሩ ብዬ» አሉ፣ ሳይስቁ።

«አሁን ምን ይሻላል?»

መርፌውን የዳዊቱ ጨርቅ ላይ ሰኩት። ከዚያ «ዝናብ» አሉ። «አንድ ክረምት በዚያ መስኮት በላይ ቆርቆሮው አፍስሶ ያንን ነዶ ከላይ እስከ ታች አርሶት ነበር። ፀሐይ ላይ ያደረቅሁት እኔ ነኝ። ውኃው ከሁሉም ላይ የቀኙን የላይ ማዕዘን ይዟል። ከላይ ያለው ብዙ ጠጥቷል፣ ከታች ያለው ጥቂት። አንቺ ብትፈቺውም ውኃው አስሮልሻል። ሂጂ፣ ፈልጊ።»

ሁለታችን ጀመርን፤ እሷና እኔ። በሳምንት ሦስት ቀን ከሰዓት በኋላ ዓሣዋን ሸጣ ትመጣለች። እጇን በሎሚ ታጥባ፣ በሻሿ ጫፍ አድርቃ ትቀመጣለች። ዘዴውን አስተማርኋት፦ ፊት አታዪ፣ ስም አታስነብቢ፣ የቀኙን ማዕዘን ብቻ እዪ። ቡናማ ከሆነ አውጪው። ፊደል አትቆጥርም፤ ከእኔ ግን ትፈጥን ነበር። ደንገል ሲመርጡ ማደግ ለዚህም ይጠቅማል መሰለኝ።

የተለየው ሲበዛ ጠረጴዛው ላይ እንደ እድፉ መጠን ደረደርናቸው። ትልቁ ከላይ፣ ትንሹ ከታች። የሻይና የምስጥ እድፍ ያለባቸው ወደ ጎን ወጡ፤ ቅርጻቸው ከማንም አይገጥምም። የቀሩት ግን አንዱ ከሌላው ጋር እንደ ጣት ከጣት ገጠሙ። የአንዱ እድፍ ጠርዝ በሚቀጥለው ላይ በአንድ ፀጉር ያህል ብቻ ይሸሻል። አንድ ቀን መደዳውን በአውራ ጣቴ ይዤ በፍጥነት ለቀቅሁት። ውኃው በመጋቢት እንደሚሸሽ ሐይቅ ወደ ማዕዘኑ አፈገፈገ፤ ልጆቹም አንድ በአንድ ከውኃው ወጡ። ከጎኔ የተቀመጠችው ሴት «ድገሚው» አለች። ደገምሁት። ለምን ያህል ጊዜ እንደደጋገምሁት አላውቅም። ጣሪያው ይወዛወዛል፣ ልጆቹ ከውኃው ይወጣሉ፣ ተመልሰው ይገባሉ። ደወል መደወሉን የሰማሁት ግቢው ባዶ ከሆነ በኋላ ነው።

አሁን ካርዶቹን ማንበብ የእኔ ተራ ሆነ። «የተወለደበት ቦታ» በሚለው መስመር ላይ ደቅ ይላል፤ የሚቀጥለውም ደቅ። ከዚያ የሐይቅ ዳር መንደሮች፣ ከዚያ እንደገና ደቅ። ወደ ታች ስወርድ በሁለት የደሴት ልጆች መካከል «ባሕር ዳር» የሚል አገኘሁ። ስሙ የከተማ ነጋዴ ልጅ ስም ነው፣ ያስመዘገበውም «ወላጅ አባት» ይላል። በጽሑፉ ከሄድን ይህ ልጅ ታንኳ ረግጦ አያውቅም። እድፉ ግን በላዩ ካለው ያንሳል፣ በታቹ ካለው ይበልጣል፤ ቦታው እዚያው ነው። መሪጌታ የጻፉት የተነገራቸውን ነው። ያሰሩት ግን የሚያውቁትን ነው።

ለተማሪዎቼ አሁን አንድ ትምህርት በዚህ እጀምራለሁ፦ ሰነድን ብቻውን አትጠይቁት፣ ከጎረቤቶቹ ጋር ጠይቁት። ወረቀት ስለራሱ ሊዋሽ ይችላል፤ ማን አጠገብ እንደተቀመጠ ግን መደበቅ ይከብደዋል። ጎረቤቶቹን የበተንሁት እኔ ስለነበርሁ ይህን ስናገር ሁልጊዜ ጆሮዬን ይሞቀኛል።

ካርዱን ሰጠኋት። ረዥም ጊዜ አየችውና «እኔ እንጃ» አለች። «ሕፃን ነበርሁ። የማስታውሰው ትከሻው ላይ መቀመጤን ነው። ከላይ ሆኜ የማየው የራሱን ቅል ነው እንጂ ፊቱን አይደለም።»

በሚቀጥለው ሐሙስ ጠዋት እናቷን በጀልባ አሻግራ፣ ከወደቡ በባጃጅ አመጣቻቸው። ቀጭን፣ ቀጥ ያሉ ሴት ናቸው። ወደ ክፍሉ ሲገቡ እጃቸውን መደርደሪያው ላይ እያስኬዱ መጡና የሐይቁ መስኮት ጋ ቆሙ። ብርሃኑ ወዴት እንዳለ ማንም አልነገራቸውም። ወንበር አስጠጋሁላቸው፤ ካርዱን ሁለት እጄን አድርጌ ሰጠኋቸው። ያ ልጅ እሱ ካልሆነ ሌላ የምሰጣቸው አልነበረኝም።

ወደ አፍንጫቸው አስጠጉት። ወደ ግራ ዓይናቸው ወሰዱት፣ ወደ ቀኝ መለሱት። ወደ ብርሃኑ አዘነበሉት።

«ይኼማ አባቱ ነው» አሉ።

ልጃቸው አየችኝ። «እማ፣ ልጅ ነው እኮ። ደንበኛ አርገሽ እዪው።»

«ልጅ መሆኑ ጠፍቶኝ ነው? ልጄን አጣሁት መሰለሽ?» ድምፃቸው የሚቆጣ ይመስላል፣ ከንፈራቸው ግን ይስቃል። «ልጄ ነው። አባቱም ነው። ሲያገባኝ ከዚህ ብዙም አይበልጥ ነበር፤ ይህቺን ግንባር ይዞ ነው የመጣ። ያ ሰውዬ ፎቶ ሊያነሱት ሲሉ ሐይቅ ውስጥ የሚገባ ነበር እኮ! ይኸው ተያዘ። አልሐምዱሊላህ፣ ይኸው በልጁ ተያዘ።»

አባትየውም ሞተዋል። ቤታቸው ውስጥ ምስል አይወዱም ነበርና የእሳቸውም ፊት የትም የለም። ይህን ልጃቸው የነገረችኝ በኋላ፣ እንባዋን ጠርጋ ስትጨርስ ነው። እናቲቱ ግን አላለቀሱም። ካርዱን ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠው እየሳቁ ከሁለቱም ጋር ተቀመጡ። የማያውቁትን ስም በጣታቸው ሸፍነውት ነበር።

«እዚህ ላይ ምን ይላል?» አሉኝ ቆይተው።

ውጤቱን አነበብሁላቸው። በሒሳብ ጎበዝ ነበር። በአማርኛም ጎበዝ ነበር። ጠባዩ «መልካም» ይላል።

«ስሙንስ?»

የከተማውን ልጅ ስም ማንበብ ጀመርሁ።

«እሱን ዝለይው» አሉ። «የሱን ጻፊበት።»

ያረጀ ሰነድ ላይ መሰረዝም መጨመርም አይፈቀድም። ለምን እንደማይፈቀድ በዝርዝር ላስረዳቸው አፌን ከፈትሁ፤ ከዚያ ዘጋሁት። ንጹሕ ቁራጭ ወረቀት ቆረጥሁ። እውነተኛ ስሙን፣ የአባቱን ስም፣ መንደሩን፣ ያወቁት እናቱ መሆናቸውን ጻፍሁ። እሳቸው አውራ ጣታቸውን በቀለም ነክረው አተሙበት። ወረቀቱን ከካርዱ ኋላ አያያዝሁት። ፎቶግራፉን አስጎልቼ በትልቁ አሳትሜ ሰጠኋቸው፤ ካርዱን ግን በደሴቱ ልጆች መካከል መልሼ አስቀመጥሁት፤ ነዶውንም እንደገና አስሬ ወደ መስኮቱ መለስሁት። የተሰናበቱኝ በጀልባው ሰዓት ነበር። ከዋርካው ቅርንጫፎች መሃል በምትታየው ቁራጭ ውኃ ላይ አንድ ጀልባ ከግራ ወደ ቀኝ አለፈ። የእነሱ ይሁን የሌላ ሰው አላውቅም።

እናንተም ይህን ሞክሩልኝ። በልጅነታችሁ ወደ ተማራችሁበት ትምህርት ቤት ሂዱና ካርዳችሁን እንዲያወጡላችሁ ጠይቁ። ሲያወጡት ከማንና ከማን መካከል እንደመዘዙት ልብ ብላችሁ እዩ፤ የሁለቱን ጎረቤቶቻችሁን ፊትም እዩ። ከዚያ በቁራጭ ወረቀት ላይ ቤታችሁ ውስጥ ማን ብለው ይጠሯችሁ እንደነበር፣ በየትኛው መንገድ እየመጣችሁ እንደተማራችሁ፣ በማን ቤት እንዳደራችሁ ጻፉና ከኋላው አያይዙት። ካርዱንም እንደነበረ፣ በነበረበት ቦታ መልሱት።